ውኃው በተናወጠ ጊዜ

ሲምባል፣ ያ የድራም ክብ የነሐስ ሳህን፣ ተመትቶ ገና እየጮኸ ሳለ ጠርዙን ውኃ ውስጥ ቢያጠልቁት ድምፁ ወዲያው አይጠፋም፤ እየጎበጠና እየወፈረ ይወርድና ከጥልቅ ቦታ የሚጣራ ሰው ድምፅ ይመስላል። ይህን ያሳየን የቡድናችን ድራመር ነው። ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከግቢው ሮቶ በቀዳው ውኃ ሞልቶ፣ በግራ እጁ ያንጠለጠለውን ሲምባል በቀኙ መትቶ ቀስ እያደረገ ወደ ውኃው ሲያወርደው የቀረነው አራታችን ዝም ብለን አዳመጥን። ለሦስት ሳምንት ስንከራከርበት የቆየነው የዝግጅታችን መክፈቻ ጉዳይም ያን ጊዜ ተወሰነ።

ዝግጅቱን ያቀረብነው ባለፈው ነሐሴ በሦስት ተከታታይ ቅዳሜ ምሽቶች ነበር። ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ የሚገኝ፣ ቀድሞ ብሎኬት ይመረትበት የነበረ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሰፊ መጋዘን ነው። ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራምና መሰንቆ ይዘን፣ በየመካከሉ ታሪኩን በአማርኛ የምታነብልን አንዲት የቲያትር ባለሙያ ጨምረን፣ በአሜሪካ ጥቁሮች ከመዋኛ ገንዳና ከባሕር ዳርቻ ተከልክለው የኖሩበትን ዘመን በጃዝ ለመተረክ ሞከርን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም የሙዚቃ ባልደረቦቼ፣ ይህ ታሪክ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ፣ በቃል ከምመልሰው ይልቅ በጽሑፍ ረጋ ብዬ መመለስን መረጥሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ወደዚህ ሰፈር በገባን በሁለተኛው ክረምት፣ የጎረቤታችን ልጅ ውኃ ባቆረ የድንጋይ ካባ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በከተማችን ዳርቻ የሚኖር ሁሉ እነዚህን ካባዎች ያውቃቸዋል፤ ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ ሲወጣባቸው ይቆይና ሥራው ሲያበቃ ሳይደፈኑ ይቀራሉ፤ ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ዝናቡ ይሞላቸዋል፤ ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ ከላይ አይታወቅም፤ ዳሩም ድንገት ገደል ነው። ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ሁለት ጓደኞቹ ጠርዙ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። የልጁ ሸሚዝ ድንጋይ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከ30 የማናንስ ጎልማሶች ተሰብስበናል፤ ከመካከላችን ግንበኛው፣ ሹፌሩ፣ መምህሩ፣ ወታደር የነበረውም ጭምር ነበር፤ ዋና የሚችል ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ገመድ ወረወርን፤ ረጃጅም አጣና አምጥተን ውኃውን ቆፈርን። ጠላቂዎች መጥተው እስኪያወጡት ድረስ እኔም እንደ ሌሎቹ ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ ዳር ላይ መቆም ነው።

ከዚያ ወዲህ ማን ይዋኛል፣ ማንስ አይዋኝም፣ ለምንስ የሚለው ጥያቄ ከራሴ አልወጣ አለ። ስለ ዋና የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር ሳነብ የአሜሪካን የዋና ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጠናው ጥናት እጄ ገባ። በጥናቱ መሠረት ከአፍሪካ አሜሪካውያን ልጆች 64 በመቶ የሚሆኑት ዋና ጨርሶ አይችሉም ወይም የሚችሉት እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ቁጥር በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው፤ ወላጅ ዋና የማይችል ከሆነ ልጁ ዋና የመማር ዕድሉ 19 በመቶ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ አለመዋኘት እንደ ርስት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ማለት ነው። ርስት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ያወረሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ መናገር አለብኝ። በእኛ ካባ ዳር ወደ ውኃው እንዳንገባ ድንጋይ የወረወረብን አልነበረም፤ የእኛ አለመዋኘት ከድህነትና ከገንዳ እጦት የመጣ ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች አለመዋኘት ግን ታቅዶ የተደረገ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ማቅረብ በእነርሱ ላይ የደረሰውን ማሳነስ ስለሚሆንብን በዝግጅቱ ውስጥ የሰፈራችንን ልጅ ታሪክ አላስገባንም። ወደዚያ ታሪክ የወሰደኝ ግን እርሱ ነው።

በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሰው በተፈጥሮው አይዋኝም ሲባል ኖሯል፤ አጥንቱ ይከብዳል እስከ ማለት የደረሱም ነበሩ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የተጓዙ አውሮፓውያን የጻፉት ከዚህ ተቃራኒውን ነው። በጊኒ ባሕር ዳርቻ ያገኟቸው ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ እነርሱ አይተውት በማያውቁት ሁኔታ ይዋኙና ይጠልቁ እንደነበር እየተደነቁ መዝግበዋል። ይህ ችሎታ የኋላ ኋላ ለባሮች ነጋዴዎች ሀብት ሆነ፤ በካሪቢያን አካባቢ ባሪያ የተደረጉ አፍሪካውያንን ዕንቁ ለመልቀምና ከሰጠሙ መርከቦች ዕቃ ለማውጣት ያጠልቋቸው ነበር። የመጀመሪያው ክፍላችን ይህን የሚተርክ አጭር ዜማ ነው፤ ድራመሩ ሳፋው ላይ ቅል ደፍቶ ይመታል፣ እኔ ዝቅ ባለ የሳክስፎን ድምፅ እከተለዋለሁ። ከአራት ደቂቃ አይበልጥም፤ ማስታወስ የፈለግነው ከፍርሃቱ በፊት ችሎታው እንደነበረ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ሰሜናዊ ከተሞች የሕዝብ ገንዳዎች መጀመሪያ ሲሠሩ ወንድና ሴት በየተራ እንጂ አብረው አይዋኙም ነበር፤ በአንዳንዶቹ ገንዳዎች ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች በአንድነት ይታጠቡ ነበር። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ወንድና ሴት አብረው እንዲዋኙ ሲፈቀድ፣ ጥቁር ወንድ በዋና ልብስ ካለች ነጭ ሴት አጠገብ መታየቱ አይታሰብም ተባለና ጥቁሮች ከገንዳው ወጡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት እጅግ ብዙና እጅግ ሰፋፊ ገንዳዎች ተሠሩ። ለምሳሌ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1936 በአንድ በጋ ብቻ 11 ታላላቅ ገንዳዎችን ከፍታለች። አገሩ ሁሉ ዋና በተማረበት በዚያ ዘመን ጥቁሮቹ አጥር ውጭ ነበሩ። 64 በመቶ የሚለው ቁጥር የተወለደው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

የዝግጅታችን ልብ ግን የቺካጎው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1919 እሑድ፣ እጅግ ሞቃት ቀን ነበር። ዩጂን ዊሊያምስ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ከእንጨት ራሳቸው ያገጣጠሙትን ተንሳፋፊ ርብራብ ይዞ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ ወረደ። ልጆቹ የሚወርዱበትን ቦታ «ትኩስና ቀዝቃዛ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ይህን ስም ያወጡለት በአቅራቢያው ከነበሩ የበረዶና የቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ውኃውን አንዴ የሚያሞቀው፣ አንዴ የሚያቀዘቅዘው ስለነበረ ነው። ጥቁሮች የሚጠቀሙት በ25ኛው መንገድ፣ ነጮች ደግሞ በ29ኛው መንገድ ትይዩ ባለው ዳርቻ ነበር። በመካከሉ አጥር የለም፤ የተጻፈ ሕግም የለም፤ ሁሉም በልቡ የሚያውቀው፣ ውኃው ላይ የማይታይ መስመር ነበር። ርብራቡ እየተንሳፈፈ ያን መስመር ተሻገረ። ዳር ላይ የቆመ አንድ ነጭ ሰው ድንጋይ መወርወር ጀመረ፤ ዩጂንም ሰጠመ። በስፍራው የነበረው ፖሊስ ወርዋሪውን አልይዝም አለ። ከዚያ በተነሣው ብጥብጥ 23 ጥቁሮችና 15 ነጮች፣ በድምሩ 38 ሰዎች ሲሞቱ ከ500 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ 1,000 የሚያህሉ ጥቁር ቤተሰቦችም ቤት አልባ ሆኑ።

ይህ ሁሉ የሆነበት የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል በዚያው ዘመን ጃዝ ከኒው ኦርሊንስ መጥቶ ያደገበት ሰፈር ነው። ዝነኛው የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1922 በጋ ላይ ወደ ቺካጎ መጥቶ በጆ ኪንግ ኦሊቨር ቡድን ሁለተኛ ኮርኔት ነፊ ሆኖ የተቀጠረበት «ሊንከን ጋርደንስ» የሚባለው የዳንስ አዳራሽ በ31ኛው መንገድ ላይ ነበር። ካርታ ዘርግቼ ሳየው ዩጂን ከሞተበት ዳርቻ በእግር የሚደረስበት ነው። ከዚያ ውኃ አጠገብ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ያንኑ ቀን በዓይናቸው ባዩ ሰዎች ፊት ነው ያ ሙዚቃ የተነፋው። ለእኔ ጃዝን ለዚህ ታሪክ ተገቢ ያደረገው ይህ ቅርበት ነው። ጃዝ በቃል ሳይናገር መመስከር እንደሚችል ደግሞ ቀደም ብለው ያሳዩን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ልጃገረዶች በቦምብ ከተገደሉ በኋላ ሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬን «አላባማ» የተሰኘውን ዜማ ሲቀዳ አንድ የግጥም ስንኝ እንኳ አላስፈለገውም።

የቺካጎውን ክፍል ስንሠራ ቤዝ ጊታሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ኖታ ብቻ እንዲይዝ አደረግን፤ መስመሩ እርሱ ነው። ኪቦርዱ ከበላዩ፣ ሳክስፎኑ ከበታቹ በየግላቸው ይጫወታሉ። ስምንት ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ እኔ ዜማዬን እያዘናጋሁ ወደ ላይ አወጣና የቤዙን ኖታ በግማሽ ድምፅ ብቻ አልፋለሁ። ሳክስፎንና ቤዝ በግማሽ ድምፅ ሲለያዩ የሚሰማውን መፋተግ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ በጥርሱ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ድራመሩ ስኔር የሚባለውን ትንሽ ከበሮ ጠርዝ በዱላ መምታት ይጀምራል፤ ያለ ምት፣ አንድ፣ ቆይቶ ሌላ፣ ቆይቶ ሌላ። እኔ መንፋቴን አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ 17 ምት ዝምታ ነው፤ ለ17 ዓመቱ። በልምምድ ላይ ያስቸገረን ይህ ዝምታ ነበር። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ዝም ሲል ሁልጊዜ አየር እየሳበ ነው፤ ለሚቀጥለው ሐረግ ይዘጋጃል። እዚህ ግን አየር ሳልስብ፣ ባዶ ሳንባ ይዤ እንድቆይ ተስማማን። ከአሥረኛው ምት በኋላ ደረት መጨነቅ ይጀምራል። አድማጩ ይህን አያውቅም፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ቀጣዩን ክፍል «የኋላ በር» ብለነዋል፤ የሙዚቀኞቹን የራሳቸውን ዕጣ የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በላስ ቬጋስ ታላላቅ ሆቴሎች መድረክ ላይ የሚጨበጨብላቸው ጥቁር ሙዚቀኞች በዚያው ሆቴል መተኛት፣ በምግብ ቤቱ መመገብ፣ በገንዳው መዋኘት አይፈቀድላቸውም ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ በኋላ በር ወጥተው ዌስትሳይድ ወደሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ይመለሳሉ። ይህ የቀረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 በተደረሰ ስምምነት ነው። ኪቦርዲስታችን ለብዙ ዓመታት በትልልቅ ሆቴሎች የሠራ ሰው ስለሆነ ይህን ክፍል ለብቻው ይጫወተዋል፤ መጀመሪያ የሚያምር የመዝናኛ ዜማ ነው፣ ከዚያ ግራ እጁ ይቀርና ቀኝ እጁ ብቻ ይሄዳል። እንዲያብራራው ጠይቄው አላውቅም።

በመካከል አንድ የታወቀ መዝሙር አለ፤ በባርነት ከነበሩ ጥቁሮች የወረደና እ.ኤ.አ. በ1901 የታተመ፣ «ዌድ ኢን ዘ ዎተር» የሚሉት። ልጆች ሆይ፣ ወደ ውኃው ግቡ፤ እግዚአብሔር ውኃውን ያናውጠዋል ይላል። ይህን መዝሙር የመረጥነው ስሙ ከትግሉ ጋር ስለሚገናኝ ነው። በሚሲሲፒ ግዛት በቢሎክሲ ከተማ 26 ማይል የሚሆነው የባሕር ዳርቻ ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ጊልበርት ሜሰን የተባለ ጥቁር ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ሰዎችን እየመራ ወደ ባሕሩ መግባት ጀመረ፤ ይህን ዓይነቱን ተቃውሞም በዚያው «ዌድ» በሚለው ቃል ጠሩት። ሌላ ነገር አላደረጉም፤ በእግራቸው ወደ ውኃው ገቡ። ኤፕሪል 24 ቀን 1960 ከመቶ በላይ ሆነው ሲገቡ ነጮች በሰንሰለት፣ በብረት ቱቦና በዱላ ደበደቧቸው። ዳርቻው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሁሉም የተከፈተው በ1968 ነው። ዜማውን ለልምምድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስነፋው መሰንቆ ተጫዋቻችን ራሱን ቀና አድርጎ «ይኼማ ባቲ ነው» አለ። እውነት ነው፤ ዜማው ከሞላ ጎደል የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ከባቲ ማይነር ቅኝት ድምፆች ጋር ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ መሰንቆው ብቻውን እንዲጀምረው አደረግን፤ እኔ የምገባው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልክ ወደዚህ ክፍል ስንደርስ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የነሐሴ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የአንባቢዋ ድምፅ ጠፋ፤ መሰንቆውም ጠፋ። ለማቆም ተገደድን። ሰዉ ግን ወደ ቤቱ ከመሄድ ይልቅ ወንበሩንና የተቀመጠበትን ብሎኬት እየጎተተ ወደ እኛ ቀረበ፤ 50 የምንሆን ሰዎች ሳፋውን ከብበን ተጠጋግተን ተቀመጥን። አንባቢዋም የመዝሙሩን ትርጉም በጩኸት፣ ያለ ማይክ፣ በቅርብ ላሉት ነገረች። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ሰፈሩ እማማ እያለ የሚያከብራቸው፣ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ እኮ መጻጉዕ ነው» አሉኝ።

ከዚያች ቀን በፊት እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም። በየዓመቱ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት ላይ ስሰማው ያደግሁት ታሪክ ነው፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ፣ መልአኩ ውኃውን ባናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባ እንደሚፈወስ የሚያውቀው፣ ግን እርሱ ሲመጣ ሌላው ቀድሞት የሚገባው ሰው። የመዝሙሩ «ውኃውን ያናውጠዋል» የሚለው ቃልም የተወሰደው ከዚያው ከዮሐንስ ወንጌል ነው። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ መጻጉዕ አዎ ወይም አይደለም አላለም፤ ውኃው ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም አለ። እማማ ይህን ሲሉኝ በዓይኔ የመጣው ቢሎክሲም ቺካጎም አልነበረም፤ ድንጋይ ላይ የተጣጠፈው ሸሚዝ ነበር። የመጻጉዕ ዓመትና የቺካጎ ሟቾች ቁጥር አንድ መሆኑን ኋላ አንባቢዋ አስታወሰችን፤ በቁጥር መገጣጠም ላይ ትርጉም መገንባት አልወድም፣ ቢሆንም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቀሩትን ክፍሎች በፍጥነት ልለፋቸው፤ በመድረክም በፍጥነት ነው የምናልፋቸው። በሴንት ሉዊስ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1949 የፌርግራውንድ ፓርክ ገንዳ ለጥቁሮች በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ከገንዳው የወጡትን ጥቁር ልጆች ደበደበ። በፍሎሪዳ ሴንት ኦገስቲን ጁን 18 ቀን 1964 ጥቁርና ነጭ ታጋዮች በአንድ ሞቴል ገንዳ ውስጥ አብረው ሲገቡ ባለቤቱ ውኃው ላይ አሲድ ሲያፈስስ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ፎቶው ዓለምን አዳረሰ፤ በማግስቱ የሲቪል መብቶች ሕጉ በሴኔት ጸደቀ። አሲዱን ለመግለጽ ድራመሩ የሲምባሉን ገጽ በብረት ይፍቀዋል፤ ሌላ ምንም አንጨምርም። በሚሲሲፒ ዋና ከተማ በጃክሰን ደግሞ ከተማው ገንዳዎቹን ለሁሉም ከሚከፍት ይልቅ መዝጋትን መረጠ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1971 በአምስት ለአራት ድምፅ ድርጊቱን አጸናው፤ ዝግ የሆነው ለሁሉም ስለሆነ አድልዎ አይደለም ብሎ። ይህን ፍርድ አንባቢዋ ስታነብ ሰው ሁሉ ያጉረመርማል። ለአንዱ ላለመስጠት ሲባል ሁሉንም ማሳጣት የሚለው ነገር በአማርኛም ቶሎ ይገባል። በዚያው ዘመን ነጮች የግል ክበብ እያቋቋሙ የራሳቸውን ገንዳ ሠሩ፤ ለክበቡ አባልነት ያልበቃው ድሃው፣ ከሁሉም በላይ ጥቁሩ፣ ውኃ አልባ ሆኖ ቀረ።

ከዝግጅቱ በኋላ በሚደረገው ውይይት ሦስቱንም ምሽት የተነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም እኛ ራሳችን የዘር ክፍፍል የምናውቅ ሕዝብ መሆናችን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሺስት ወረራ ዘመን ጣሊያኖቹ አዲስ አበባን ለነጭና ለ«ተወላጅ» ከፋፍለው ለመሥራት አቅደው፣ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወስደዋል፤ በ1929 ዓ.ም. ባወጡት ሕግም ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ወንጀል አድርገዋል። አንድ አዛውንት ተነሥተው ከአባታቸው የሰሙትን፣ ሐበሻ በፊት በር የማይገባበትን ቤት ነገሩን። ለእኛ አምስት ዓመት የቆየው ለእነርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ ብለው ተቀመጡ። ከዚህ የተሻለ መግቢያ እኔ ልጽፍ አልችልም ነበርና ለሦስተኛው ምሽት ፈቃዳቸውን ጠይቀን ንግግራቸውን መክፈቻ አደረግነው።

ለሦስተኛው ቅዳሜ መዝሙሩን እንደገና ሠራነው። «ሰው የለኝም» የሚለውን ቃል አነጋገር ተከትዬ አራት ኖታ ያለው ሐረግ አወጣሁ፤ «ሰው» ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ሦስት ደረጃ ይወርዳል። ማንም በአፉ አይለውም፤ ሳክስፎኑ ብቻ ይለዋል፣ ደጋግሞ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ እየቀነሰ፣ በመጨረሻም ድምፅ ሳይኖረው እንደ ትንፋሽ ብቻ። ከሥሩ ሲምባሉ ወደ ውኃው ይወርዳል።

ያን ምሽት የዚያ ልጅ እናት መጥታ ነበር። እኔ አልጠራኋትም፤ ለመጥራት ድፍረቱ አልነበረኝም። ከኋላ ብሎኬት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ እኔ መጣችና ሰላም ካለችኝ በኋላ «የዚያን የቺካጎውን ልጅ እናት አላነሣችኋትም» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። እንዲያው የጎደለ ነገር እንዳየ ሰው ነው የተናገረችው። ጽሑፋችንን ቤት ገብቼ እንደገና አነበብሁት። የልጁ ስም አለ፣ ዕድሜው አለ፣ የመንገዱ ቁጥር አለ፣ ፖሊሱ አለ፣ የሟችና የቁስለኛ ቁጥር አለ፤ እናት የለችም። ሦስት ምሽት ሙሉ ስንጫወተው አንዳችንም አላስተዋልንም። አሁን ከ17ቱ ምት ዝምታ በኋላ መሰንቆው ብቻውን የሚጫወትበት ሁለት ደቂቃ ጨምረናል፤ ክፍሉ የእናትየዋ ነው። ወደፊት በሌሎች የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ስንጫወተውም እንዲሁ ይሆናል።

ያ 19 በመቶ የሚለው ቁጥርም እንዲሁ አልተወኝም። ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው ጠዋት ከ9 ዓመቷ ልጄ ጋር ሁለት ታክሲ ይዘን ወደ መሐል ከተማ አንድ ገንዳ እንሄዳለን። ሁለታችንም ተማሪዎች ነን። የመጀመሪያው ትምህርት ፊትን ውኃ ውስጥ አስገብቶ ትንፋሽን መልቀቅ ነው፤ ልጄ በመጀመሪያው ቀን ቻለችው፤ እኔ 22 ዓመት በትንፋሼ እንጀራ የበላሁት ሰው ግን ፊቴ ውኃ በነካ ቁጥር አየሩን ደረቴ ውስጥ ቆልፌ እይዘዋለሁ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ትከሻዬን በእጁ ደገፍ አድርጎ «ጋሼ፣ አይያዙት፤ ውኃው ውስጥ ይልቀቁት» እያለ ይደጋግምልኛል። በአራተኛው ቅዳሜ አረፋው በጆሮዬ ሥር እየተንቦጫረቀ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ራሴን ሳወጣ ልጄ የገንዳውን ስፋት አቋርጣ፣ ማዶ ያለውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።